ጋይራንገር በካምፐርቫን፣ በዝናብ? ፊዮርዱን ሳይሆን ተራራውን ይፍሩ

የጠያቂው ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ ለአምስት ቀን ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአዲስ አበባ ከመጡት እናቴ ጋር ኖርዌይ እንሄዳለን። ኦስሎ ላይ ሰባት ሜትር የሚረዝም ካምፐርቫን (አልጋና ማብሰያ ያለው መኪና) ተከራይተናል። ያሰብነው በሎም በኩል ተራራውን አቋርጠን ጋይራንገር ፊዮርድ ልንወርድ፣ ስንመለስ ደግሞ ትሮልስቲገን በሚባለው የተራራ መንገድ ልናልፍ ነበር። አሁን ትንበያው ከባድ ዝናብና ነፋስ ይላል፤ ቢጫ ማስጠንቀቂያም ወጥቷል። ወንድሜ ‹መኪናው ከባድ ስለሆነ ነፋስ አይነካውም፣ የሚያስፈራው ጀልባው ነው› ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ተራራ ወደ ፊዮርዱ ሊናድ ነው የሚል ነገር አንብባ ፈርታለች። በዝናብ ምንስ ይታያል? እንሰርዘው? ማደሪያም አልያዝንም፤ ኖርዌይ የትም ማደር ይፈቀዳል ብለውናል።»

አይሰርዙት። መንገዱን ግን ይቀይሩ፤ ወደ ፊዮርዱ የሚወርዱበትንም ቀን አስቀድመው አይቁረጡ። እቅድዎ ለሐምሌ ፀሐይ ቢሆን አንድ ቃል አልቃወምም ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ማስጠንቀቂያ በወጣበት ሳምንት፣ እናትና ልጆች ይዞ ግን ከነበሩት መንገዶች ሁሉ ለአየር የተጋለጡትን ሁለቱን መርጠዋል።

መጀመሪያ ስለ ዝናቡ። እኛ ዝናብ እናውቃለን ብለን እናስባለን። የምናውቀው ግን የአገራችንን የክረምት ዝናብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ይወጣል፣ ከሰዓት ዶፉ ይወርዳል፣ ማታ ያባራል። የምዕራብ ኖርዌይ ዝናብ እንዲህ አይደለም። ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል ነፋስና ደመና የያዘ የአየር ሥርዓት እየተሽከረከረ ይመጣል። ከተራራው ጋር ሲጋጭ ውኃውን እዚያው ይደፋዋል። አንዱ ከመጣ ግማሽ ቀንም ሁለት ቀንም ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ቀጣዩ እስኪደርስ ድረስ ፋታ አለ። አንዳንዴ ጥቂት ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሙሉ ቀን። ስለዚህ «ከሰዓት ያባራል» ብሎ ተራራ ላይ መውጣት አያዋጣም። ፋታውን ጠብቆ መንቀሳቀስ ግን ያዋጣል። አምስት ቀን አለዎት፤ ከአምስቱ አንዱ ደህና ቀን ቢሆን ይበቃዎታል።

ትንበያውን የሚያዩበት መንገድ ራሱ መስተካከል አለበት። «የኖርዌይ አየር» የሚባል ነገር የለም። የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም ከብሔራዊው ብሮድካስተር ጋር የሚያዘጋጀው «ዪር» የሚባል መተግበሪያ አለ፤ ነጻ ነው። እሱ ላይ ጋይራንገርን ብቻ አይፈልጉ። ጋይራንገር መንደር ያለው ባሕር ጠለል ላይ ነው። ከሎም በኩል የሚወስድዎት 63 ቁጥር መንገድ ግን ዩፕቫስሂታ በሚባለው የተራራ ማረፊያ አጠገብ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል። አየር በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። መንደሩ ውስጥ 6 ዲግሪና ዝናብ ካለ፣ እላይ ዜሮና በረዶ አለ ማለት ነው። የተከራዩት መኪና ደግሞ በዚህ ወር ብዙ ጊዜ የበጋ ጎማ ነው የሚታሠርለት። በረዶ ላይ በበጋ ጎማ መንዳት ሕጉም አይፈቅድም። ቢንሸራተቱ ተጠያቂው ኪራይ ቤቱ አይደለም፣ ሹፌሩ ነው።

ወንድምዎ ነገሩን ገልብጦታል። ካምፐርቫን ከባድ ይመስላል እንጂ ለመጠኑ ቀላል ነው። ቁመቱ ሦስት ሜትር ገደማ፣ ጎኑ እንደ ግድግዳ ዝርግ፣ ውስጡ ባዶ። የነፋስ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 10 ሜትር የነበረው ነፋስ 20 ሲደርስ መኪናው ላይ የሚያርፈው ጉልበት አራት ጊዜ ነው። ዪር ላይ ከነፋሱ ቁጥር አጠገብ በቅንፍ የተቀመጠ ሌላ ቁጥር ያያሉ። እሱ የድንገተኛው ንፍሻ ፍጥነት ነው። እርስዎ የሚያዩት እሱን ነው፤ አማካዩ ማንንም ከመንገድ አውጥቶ አያውቅም። የኔ ደንብ ይህ ነው፦ ንፍሻው 15 ሲያልፍ ፍጥነት ቀንሼ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ እነዳለሁ። 20 ከደረሰ አቆማለሁ። ድልድይ ላይ፣ ከዋሻ ሲወጡ፣ ከፊት የሚመጣ ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፍዎት መኪናው ድንገት ወደ ጎን ይጎተታል። በተለይ ከዋሻ አፍ ይጠንቀቁ። ውስጡ ፀጥ ያለ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል።

ነፋስ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እየሄደ ያለው መኪና ሳይሆን የቆመው ነው። ልጅ በሩን ሲከፍት ነፋሱ ነጥቆ ወደ ኋላ ይቆለምመዋል። ተዘርግቶ የተረሳ ድንኳን መሳይ መጋረጃም ከነብረቱ ይነቀላል። ሁለቱም ከኪስ የሚከፈሉ ናቸው፤ የብዙ ኪራይ ቤቶች መድን አይሸፍናቸውም። በር የሚከፍተው ትልቅ ሰው ብቻ ይሁን። መኪናውንም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙረው ያቁሙት።

ጀልባው ላይ ደግሞ ፍርሃቱ ያለ ቦታው ነው። ፊዮርድ ማለት ግግር በረዶ በብዙ ሺህ ዓመት የቆፈረው፣ በኋላ ባሕር የገባበት ጥልቅ ሸለቆ ነው። ጋይራንገር ፊዮርድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፣ ከክፍት ባሕርም በጣም ርቆ ወደ ውስጥ ገብቷል። ማዕበል እንዲያድግ ነፋስ ብዙ ርቀት ያለ እንቅፋት መንፈስ አለበት፤ እዚህ ያ ርቀት የለም። ስለዚህ ውኃው ይቆጣል እንጂ እንደ ውቅያኖስ አይነሣም። ከተራራው ቁልቁል ድንገት የሚወርድ ነፋስ አለ፤ ካፒቴኖቹ ግን ያውቁታል። የሚያሰጋ ከሆነ ጉዞውን ራሳቸው ይሰርዙታል። እርስዎ የሚጨነቁበት ነገር አንድ ብቻ ነው። ጀልባው ላይ ከመውጣትዎ በፊት የጋዙን ሲሊንደር ይዝጉ።

የሚናደውን ተራራ በተመለከተ ባለቤትዎ ያነበቡት ውሸት አይደለም። ኦከርኔሰት የሚባል የተሰነጠቀ የተራራ ክፍል አለ። በየዓመቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይንሸራተታል። አንድ ቀን ቢወርድ ትልቅ የውኃ ማዕበል ያስነሣል ተብሎ ይጠበቃል። አካባቢው ይህን በደንብ ያውቀዋል፤ በ1934 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በታፊዮርድ ተራራ ተንዶ የተነሣው ማዕበል 40 ሰው ገድሏል። ያኔ ግን የሚከታተለው አልነበረም። ዛሬ ኦከርኔሰት ሌት ተቀን በመሣሪያ ይለካል። እንዲህ ያለ ትልቅ ናዳ ከመውረዱ በፊት እንቅስቃሴው እየፈጠነ ስለሚሄድ ሰው ለማስወጣት ጊዜ ይገኛል ተብሎ ነው ዝግጅቱ ሁሉ የተሠራው። ለእርስዎ ሳምንት ይህ አያሳስብም። የሚያሳስበው ስም የሌለው ትንሹ ናዳ ነው። ዝናብ ካራሰው ገደል ላይ ወደ አስፋልቱ የሚንከባለል ድንጋይና ጭቃ።

ትሮልስቲገንን ይተዉት የምለውም ለዚህ ነው። በ1936 የተከፈተ፣ 11 ጠምዛዛ መታጠፊያ ያለው ዝነኛ መንገድ ነው። ውበቱን አልክድም። ግን ድንጋይ ይወድቅበታል፤ በ2024 በጋው ሳያልቅ በዚሁ ምክንያት ተዘግቶ ቀርቷል። ከባድ ዝናብ ሲመጣ በድንገት ይዘጋል። እዚያ ደርሶ አጥር ማየት ማለት ሰባት ሜትር መኪና አዙሮ ግማሽ ቀን ማጣት ነው።

እንግዲህ በየት? ከኦስሎ ኢ6 በሚባለው አውራ ጎዳና ወደ ሰሜን፣ በጉድብራንድስዳል ሸለቆ በኩል እስከ ዶምቦስ። ከዚያ በኢ136 ወደ ኦንዳልስነስ ይወርዳሉ። ይህ የሮምስዳል ሸለቆ ነው። ግራዎ ላይ ትሮልቬገን የሚባለው፣ ቀጥ ብሎ 1,000 ሜትር ያህል የሚወርድ የድንጋይ ግድግዳ አለ። ከኦንዳልስነስ ወደ ትሮልስቲገን አይታጠፉ። በዚያው በኢ136 ወደ ምዕራብ ቀጥለው ኧርስኩግ ሲደርሱ በስቱርዳል በኩል ወደ ሊንገ ይውረዱ። እዚያ አሥር ደቂቃ የምትፈጅ ጀልባ ወደ አይድስዳል ታሻግርዎታለች። ከአይድስዳል «የንስር መንገድ» በሚባለው ጋይራንገር ይገባሉ። በኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ አዎ። ግን ከዶምቦስ እስከ ጋይራንገር ከ700 ሜትር በላይ የሚወጡበት ቦታ የለም። የንስር መንገድ ጫፉ 620 ሜትር ገደማ ነው። ክረምትም እንዲከፈት ታስቦ የተያዘ መንገድ ነው፤ 63 ቁጥር ግን ከሎም በኩል ያለው ክፍሉ በየዓመቱ ለክረምቱ ይዘጋል።

ዝቅ ያለ ሁሉ ደህና ነው ማለቴ አይደለም። በኦገስት 2023 «ሃንስ» የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ የተጎዳው ያው ጉድብራንድስዳል ነበር። ሪንገቡ አጠገብ ያለው የባቡር ድልድይ በጎርፍ ፈርሷል። ስለዚህ ሁለት ነገር በየጠዋቱ ይመልከቱ። አንደኛው «ቫርሶም» ነው፤ የጎርፍና የናዳ ማስጠንቀቂያ በቀለም ያወጣል። ሁለተኛው የመንገዶች ባለሥልጣን ካርታ ነው፤ የተዘጋውን መንገድ ያሳያል። በ175 ቢደውሉም በእንግሊዝኛ ይነግሩዎታል። ቢጫ ማለት ይጠንቀቁ፣ አማራጭ ይያዙ ማለት ነው፤ ጉዞ ይቅር ማለት አይደለም። ብርቱካናማ በሚሄዱበት ሸለቆ ላይ ከወጣ ግን ከቆሙበት አይነሡ። ቀይ ከሆነ ደግሞ ባለሥልጣናት የሚሉትን ብቻ ያድርጉ።

የንስር መንገድም ቢሆን ቀልድ አይደለም። ወደ ጋይራንገር የሚወርደው ክፍል 11 መታጠፊያ አለው፤ ቁልቁለቱ 10 በመቶ ይደርሳል። ከላይ ሳይጀምሩ ማርሹን ወደ ሁለተኛ ይቀንሱ፤ ሞተሩ ይያዝዎት። ፍሬን ረግጠው እንደያዙ የሚወርዱ ከሆነ ግማሽ ሳይደርሱ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። የካምፐርቫን ጅራት ከኋላ ጎማው በጣም ያልፋል። ሲታጠፉ ጅራቱ ወደ ተቃራኒው ጎን ይወጣል፤ መንገድ ዳር ያለውን የድንጋይ ግንብ የሚፍቀው እሱ ነው። መንገዱ ሲጠብ ኤም ፊደል የተጻፈበት ሰማያዊ ምልክት ያያሉ። እሱ መተላለፊያ ነው፣ ማደሪያ አይደለም። ከኋላ መኪና ከተሰለፈብዎት እዚያ ገብተው ያሳልፏቸው። የአገሩ ሰው ይህን ካላደረጉለት ቅር ይለዋል፣ ትክክልም ነው። በጨለማ አይውረዱ። በዚያ ሳምንት ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ገደል ውስጥ ግን ቀድሞ ይደነግዛል።

«የትም ማደር ይፈቀዳል» የሚለው ድንኳን ለተከለው እንጂ ለመኪና አይደለም። «የሁሉም ሰው መብት» የሚባለው ሕግ ያልታረሰ መሬት ላይ፣ ከሰው ቤት 150 ሜትር ርቆ ድንኳን ለመትከል ይፈቅዳል። መኪና ከመንገድ አውጥቶ እዚያ ማስገባት ግን ክልክል ነው። ጋይራንገር አካባቢ ደግሞ ማደር የሚከለክሉ ምልክቶች ብዙ ናቸው። በዚህ አየር የምመክርዎት ኤሌክትሪክ ያለው ካምፕ ብቻ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ አንዳንዶቹ ለወቅቱ ስለሚዘጉ ደውለው ይያዙ። ሲያቆሙ ከገደል ሥርና ከወንዝ ዳር ይራቁ። ለስላሳ ሣር ላይም አይግቡ፤ ከዝናብ በኋላ የሚያወጣዎት ትራክተር ነው።

አንድ ነገር በደንብ ልናገር። እናትዎ ጀበናና ከሰል ይዘው ከመጡ፣ ዝናብ ስለሆነ መኪናው ውስጥ ቡና ላፍላ ቢሉ፣ በፍጹም እንዳይፈቅዱ። ለዕጣን የምትሆን አንዲት ፍም እንኳ። የከሰል ጭስ መርዝ ጠረን የለውም፤ አገር ቤት ሰፊ ክፍል ውስጥ ስንት ቤተሰብ እንደጨረሰ ሁላችንም ሰምተናል። ካምፐርቫን ደግሞ ከቁም ሳጥን ብዙ አይበልጥም። በጋዝ ምድጃውም መኪናውን ለማሞቅ አይሞክሩ። የጣሪያውን መተንፈሻ ትንሽ ከፍተው ይተኙ፤ ብርዱ ቢያስጠላም መስኮቱ ውኃ አያዥም፣ ልብሱም አይረጥብም። የጋዙን ዓይነትም ይጠይቁ። ቡቴን የሚባለው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ስለሚያቆም ማሞቂያው ሌሊት ይጠፋል፤ ፕሮፔን ይሁን።

በዝናብ ምን ይታያል ላሉት፣ ከሚያስቡት በላይ። «ሰባቱ እህትማማቾች» የሚባሉት ፏፏቴዎች በደረቅ የበጋ መጨረሻ ሦስት አራት ሆነው ይቀራሉ። ሰባቱም የሚታዩት በረዶ ሲቀልጥ ወይም በደንብ ሲዘንብ ነው። ረጅሙ 250 ሜትር ያህል ይወርዳል። ሌላ ጊዜ የሌሉ ብዙ ስም የለሽ ፏፏቴዎችም ግድግዳው ላይ ይፈጠራሉ። በፖስት ካርድ የሚያዩት ሰማያዊ ውኃ አይኖርም፣ እሱን ይተዉት። የሚጠፋው የከፍታ እይታ ነው። ዳልስኒባ የሚባለው 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለ መመልከቻ ደመና ውስጥ ከገባ፣ ለመንገዱ ከፍለው ነጭ ነገር አይተው ይመለሳሉ። እሱን ዘለው፣ መኪናውን ካምፕ ውስጥ አቁመው፣ ወደ ሄለሲልት በሚሄደው ጀልባ በእግር ይግቡ። አንድ ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ነው። በፏፏቴዎቹ ሥር ያልፋል፤ እናትዎም በመስኮት እያዩ ሙቅ ቦታ ይቀመጣሉ። የበልግ የጉዞ ሰዓቱ ከበጋው ስለሚቀንስ አስቀድመው ያረጋግጡ።

እንግዲህ ቁርጡ ይህ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ኦታ ወይም ዶምቦስ ድረስ ብቻ ይንዱ፤ ኦታ ከኦስሎ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ሸለቆ ውስጥ አድረው ፋታውን ይጠብቁ። ፋታ ሲመጣ፣ ሁለተኛውም ሆነ ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ጠዋት በጊዜ ተነሥተው በሮምስዳል ጋይራንገር ይግቡ። ሲመለሱ በመጡበት ይመለሱ። በሎም በኩል ያለው የሚታሰበው በዚያ ቀን እላይ ከ5 ዲግሪ በላይ፣ ንፍሻው ከ15 በታች ከሆነ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ድረስ አየሩ ካልለቀቀ ፊዮርዱን ይተዉትና ወደ ሊለሃመር ይመለሱ። የ1994 የክረምት ኦሊምፒክ የተካሄደባት ከተማ ናት። ማይሃውገን የሚባለው የድሮ ቤቶች ሙዚየም ለልጆችም ለአያትም ይሆናል። በአምስተኛው ቀን መኪና ለማስረከብ እየተጣደፉ ተራራ ማቋረጥ ከሁሉም የከፋው ምርጫ ነው።

ዛሬውኑ ለኪራይ ቤቱ ይደውሉ። አምስት ሰው ናችሁ። አምስት አልጋ አለ ማለት አምስት ቀበቶ ያለው መቀመጫ አለ ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ አራት ብቻ ናቸው። ክብደቱንም ይጠይቁ። በተራ መንጃ ፈቃድ የሚነዳው ከነጭነቱ እስከ 3.5 ቶን ነው። አምስት ሰው፣ ሻንጣ፣ 100 ሊትር ውኃ ሲገባበት ያ በቀላሉ ያልፋል። የውኃውን ታንክ ግማሽ ብቻ ይሙሉት፤ ካምፑ ውስጥ ቧንቧ አለ። የክረምት ጎማ የታሠረለት መኪና ካላቸው በዚያ ይቀይሩልኝ ይበሉ፣ ጥቂት ቢያስጨምርም ይክፈሉት። ቀበቶው አራት ሆኖ ከተገኘ ግን ክርክር የለውም፤ መኪናው ይቀየር፣ ካልሆነ ተራ መኪና ተከራይተው ካምፖቹ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ የእንጨት ጎጆዎች ይያዙ።